ከመስታወቱ ወዲህ ያለው ጭጋግ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ባለፈው ሰሞን በዚሁ የአንባቢያን ዓምድ አንድ ጸሐፊ፣ በክረምት ጠዋት ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ በሚወርደው መንገድ ላይ ስለሚተኛው ጭጋግ አንሥተው፣ አሽከርካሪዎች ፍጥነታቸውን እንዲቀንሱና መብራታቸውን እንዲያበሩ መክረው ነበር። ምክራቸውን እቀበላለሁ። ነገር ግን ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በዚያው መንገድ ላይ ለስድስት ዓመታት ወተት ያመላለስኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ከመኪናው የፊት መስታወት ወዲያ ስላለው ጭጋግ ብቻ ተነግሮ ከመስታወቱ ወዲህ፣ መኪናው ውስጥ ያለው መረሳቱ ከነከነኝ። ይህኛው ጭጋግ በአብዛኛው የእኛ የባለመኪኖችና የመካኒኮቻችን ሥራ ነው፤ የእኔም እጅ አለበት።

መኪናዬ ከ30 ዓመት በላይ ያገለገለች፣ አሜሪካ የተሠራች የቤንዚን ፒክአፕ ናት። በእርሷ ዘመን በተሠሩ ብዙ መኪኖች ላይ የማሞቂያውንና የኤሲውን ነፋስ ወደ እግር፣ ወደ ፊት ወይም ወደ መስታወት የሚመሩት ክዳኖች የሚንቀሳቀሱት በቫኪዩም፣ ማለትም በመምጠጥ ኃይል ነው። ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጠረው የመምጠጥ ኃይል፣ ከስክሪብቶ በቀጠነች ጠንካራ የፕላስቲክ ቱቦ ከኮፈኑ ሥር ተነሥቶ ወደ ዳሽቦርዱ ይገባል፤ እዚያም የነፋሱን አቅጣጫ በምንመርጥበት ማዞሪያ በኩል ተከፋፍሎ፣ በውስጣቸው ስስ ጎማ የተወጠረባቸው ትናንሽ ጣሳ መሰል ዕቃዎች ዘንድ ይደርሳል፤ እነርሱም ክዳኖቹን በዘንግ ይጎትታሉ። በመንገዱ ላይ አንዲት ማጠራቀሚያና በአንድ አቅጣጫ ብቻ የምታሳልፍ ቫልቭ አሉ። ዳገት ላይ ነዳጅ በረገጥን ቁጥር የሞተሩ መምጠጥ ስለሚዳከም፣ ክዳኖቹ ቦታቸውን እንዳይለቁ የሚያደርጉት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ቱቦዋ ብትሰነጠቅና ቫኪዩሙ ቢጠፋ፣ ክዳኖቹን ስፕሪንግ ገፍቶ ነፋሱን ወደ መስታወቱ ይመልሰዋል። ይህን ያሰቡት መሐንዲሶች ናቸው፤ ዕቃው ሲበላሽ የአሽከርካሪው እግር ቢበርደውም ዓይኑ መንገዱን እንዲያይ አስበው ነው።

የእኔዋ መኪና ሕመሟን የጀመረችው ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ ስትወጣ ነው። ሜዳ ላይ እግሬን የሚያሞቀው ነፋስ ዳገቱ ላይ ድንገት ወደ መስታወቱ ይሸሻል፤ ከላይ ደርሰን መንገዱ ሲላላ ይመለሳል። እንዲህ ያለው ምልክት የሚያመለክተው ቫልቯን ወይም ቱቦዋን እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። ከጥቂት ወራት በኋላ ነፋሱ ጭራሹን መስታወቱ ላይ ቀረ። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ጋራዥ በመጀመሪያ የነፋስ ማራገቢያውን ሞተር አስለወጠኝ፤ ለውጥ አልመጣም። ቀጥሎ አየር የሚያስገባ ስንጥቅ ለመፈለግ ቤንዚን በሲሪንጅ እየረጩ የሞተሩን ድምፅ ለማዳመጥ ሲሞክሩ ከትኩሱ የጭስ ማውጫ አጠገብ መሆናቸውን አይቼ አስቆምኳቸው። በመጨረሻ መካኒኩ ከዳሽቦርዱ ሥር ተኝቶ፣ «ጋሼ፣ ይቺን ክዳን በሽቦ አሥረን እንገላገል፤ እግርዎ ይሞቅልዎታል» አለኝ። ለዓመታት በቴክኒክ ትምህርት ቤት ተማሪዎቼን «መጀመሪያ ምክንያቱን ፈልጉ» እያልኩ የኖርኩት ሰውዬ «እሰር» አልኩ።

ነሐሴ ላይ፣ ገና ሊነጋጋ ሲል፣ የወተት ጣሳዎቹን ጭኜ ስወርድ አጠገቤ የተቀመጠው ረዳቴ ዝናብ የጠጣ ጋቢ ለብሶ ነበር። የጋቢው እርጥበትና የሁለታችን ትንፋሽ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መስታወቱን ወተት አስመሰለው። ማዞሪያውን ወደ መስታወት ባዞረውም ክዳኑ ታስሯል፤ የሚወጣው ነፋስ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በክንዴ ስጠርግ መስታወቱ ይዥጎረጎራል እንጂ አይጠራም። በጠረግሁት መዳፍ በምታህል ክፍት ቦታ ድርቆሽ የተጫኑ አህዮች ጀርባ ሲታየኝ ፍሬን ያዝኩ፤ በመካከላችን የቀረው ሁለት እርምጃ ያህል ነበር። ባለአህያው ወደ መስኮቴ ቀርቦ የተናገረኝን እዚህ አልጽፈውም፤ እውነቱን ነበር።

በማግሥቱ ሽቦውን ፈታሁና መፈለግ ያለበትን መፈለግ ጀመርኩ። በመጀመሪያ ክንድ የሚያህል የጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ ሞተሩ እየሠራ ሌላውን ጫፍ በፕላስቲኳ ቱቦ ላይ አስኬድሁት፤ ባትሪው አጠገብ ስደርስ በጥርስ መካከል እንደሚወጣ ፉጨት ያለ ድምፅ ሰማሁ። ቱቦዋ ለዓመታት ከሞተሩ ሙቀት ደርቃ እንደ ማካሮኒ ስብር የምትል ሆናለች፤ በጣቴ ስነካት ከስንጥቁ ላይ ለሁለት ተከፈለች። የደረቀውን ክፍል ጤነኛው እስኪገኝ ድረስ ቆርጬ ጣልሁና፣ ከሱማሌ ተራ የገዛሁትን የቫኪዩም ጎማ በሁለቱም ጫፎች ላይ ሁለት ሁለት ሳንቲ ሜትር አስገብቼ አገናኘኋቸው። የጎማው ዋጋ ከአንድ ኪሎ ቡና ያነሰ ነበር። ፈጣን ማጣበቂያ ብዙዎች ይጠቀማሉ፤ ነገር ግን ሲደርቅ ስለሚደድር በሞተሩ ንዝረት ተመልሶ ይሰነጠቃል። የጉሉኮስ ቱቦም ሲሞቅ ይለሰልስና በመምጠጡ ኃይል ተጣብቆ መንገዱን ይዘጋል። ከሁሉ የከፋው ግን የተበላሸችውን መስመር ትቶ ከፍሬን ማገዣው ቱቦ ላይ ቅርንጫፍ ማውጣት ነው፤ የማሞቂያ ቱቦ ሲበሳ ፍሬንም አብሮ እንዲደነድን መፍቀድ ማለት ነውና።

አንድ ሌላ ነገር ሳላነሣ ባልፍ ይቆጨኛል። በመሐሉ አንድ ባለሙያ የቫኪዩም መለኪያ ገጥሞ 13 ኢንች ሜርኩሪ ሲያነብብ፣ «መጽሐፉ ከ17 እስከ 21 ይላል፤ ሞተሩ ደክሟል፣ ይውረድ» ብሎኝ ነበር። መጽሐፉ የሚናገረው በባሕር ጠለል ላይ ስላለ ሞተር ነው። ከፍታው በ1,000 ጫማ በጨመረ ቁጥር ንባቡ ወደ 1 ኢንች ገደማ ይቀንሳል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ወደ 2,400 ሜትር፣ ማለትም ወደ 7,900 ጫማ ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ስለዚህ ባሕር ዳርቻ ላይ 20 የሚያሳይ ሞተር እዚህ 12 ወይም 13 ቢያሳይ ጤነኛ ነው። በዚህ ስሕተት ብቻ ስንት ደህና ሞተር እንደተከፈተ ሳስበው ያሳዝነኛል። የሚያስጠረጥረው መርፌው ሲንቀጠቀጥ ወይም ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ወጣ ገባ ሲል ነው።

የናፍጣ መኪና ያላችሁ ደግሞ ሞተራችሁ በቂ ቫኪዩም ስለማይፈጥር የራሱ ፓምፕ እንዳለው ዕወቁ፤ በበርካታ ቀላል የጭነት መኪኖች ላይ ከዲናሞው ጀርባ ይገኛል። ቱቦው ደህና ሆኖ መምጠጡ ከጠፋ መታየት ያለበት እርሱ ነው።

ስለ ኤሲም አንድ ቃል ልጨምር። ብዙዎቻችን «ለአዲስ አበባ ብርድ ምን ኤሲ ያስፈልጋል» ብለን የኮምፕሬሰሩን ቺንጋ አስፈትተናል፤ ኤሲ ለአዋሽና ለአፋር ሙቀት ብቻ የተሠራ ይመስለናል። ነገር ግን አየሩ በቀዝቃዛው የኤሲ ክፍል ሲያልፍ እርጥበቱ ውኃ ሆኖ ከመኪናው ሥር ይንጠባጠባል፤ ከዚያ በማሞቂያው ውስጥ ሲያልፍ ሞቅ ብሎና ደርቆ መስታወቱን ይመታል። ለክረምት ጠዋት ከዚህ የተሻለ ጠራጊ አላገኘሁም። ይህም ሆኖ መስታወቱ እንደ ቅባት ባለ ነገር የሚሸፈን፣ መኪናው ውስጥም ጣፋጭ ሽታ የሚሸት ከሆነ፣ ጥፋቱ የቫኪዩም አይደለም፤ የማሞቂያው ራዲያተር ያፈስሳል።

ለዓመታዊ ምርመራ መኪናዬን ባቀረብኩ ጊዜ ክዳኑ በሽቦ እንደታሰረ ነበር፤ መብራቱ፣ ፍሬኑና ጎማው ታይቶ አለፈች። ሠላሳ ሰከንድ የማይፈጅ አንድ ሥራ በዝርዝሩ ላይ እንዲጨመር በጋዜጣችሁ በኩል አሳስባለሁ፦ ሞተሩ እየሠራ ማዞሪያው ወደ መስታወት ይዙር፣ መርማሪውም እጁን መስታወቱ ሥር ካለው የነፋስ መውጫ ላይ ያድርግ። እስከዚያው ግን ማንኛውም ባለመኪና ነገ ጠዋት ከግቢው ሳይወጣ ራሱ ሊሞክረው ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የቴክኒክ መምህርና ወተት አመላላሽ
ሱሉልታ