እማዬ፣ ስለዛ «ሊቭ» ስለሚባለው ቃል

እማዬ እንዴት ነሽ፣ ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ትናንት በእንግሊዝኛ የላክሽልኝን ቴክስት ሳይ መጀመሪያ ደነገጥኩ ከዛ ብቻዬን ሳቅኩ። «አይ ሊቭ ሂር» ብለሻል፣ እዚህ ነው የምኖረው ማለትሽ ነው፣ ግን ስፔሊንጉ የሌላኛው ሊቭ ሆነና «ከዚህ እሄዳለሁ» ብለሽ አነበብኩት፣ ወዴት ነው የምትሄጂው ብዬ ልደውል ነበር እኮ!

ደሞ አትፈሪ፣ በኛ ፊደል ሁለቱም ሊቭ ናቸው፣ ጆሯችንም ቶሎ አይለያቸውም። መኖር የሆነው ኤል አይ ቪ ኢ ነው፣ ሳትጎትቺው ቶሎ ይባላል። መሄድ የሆነው ኤል ኢ ኤ ቪ ኢ ነው፣ እሱን «ሊይቭ» እያልሽ ሳብ ታደርጊዋለሽ።

ያለፈው ጊዜ ሲሆን ሌፍት ይሆናል፣ እዚህ ጋ ነው ጉዱ፣ ግራ እጅም ሌፍት ነው የተረፈ ነገርም ሌፍት ነው። «አይ ሌፍት ማይ ባግ» ያለ ሰው ቦርሳውን ረስቶት ወይ አስቀምጦት ነው የሄደው። «ሊቭ ኢት» ካሉሽ ተይው ነው። ስለ ሰራተኛ «ሺ ኢዝ ኦን ሊቭ» ከተባለ ደግሞ ስራ ለቀቀች እንዳትዪ፣ ፈቃድ ላይ ናት ማለት ነው፤ ይሄኛው መነሻው ሌላ ቃል ነው፣ ፈቃድ ማለት ነበር፣ እኛም የዓመት ፈቃድ እንል የለ? ፎር የምትባለዋን ብቻ ጠብቂያት፣ «ሊቭ ለንደን» ለንደንን ለቆ መሄድ ነው፣ «ሊቭ ፎር ለንደን» ወደ ለንደን መነሳት፣ በዚች አንድ ቃል ስንቴ ተሳስቼ ሰው እንዳሳሳትኩ አትጠይቂኝ።

ግን እማዬ የገረመኝ ምን መሰለሽ፣ ይሄ ቃል ጥንት ትርጉሙ መሄድ አልነበረም፣ ማስቀረት ነበር። እኛ ሄደ ስንል ሰውየውን ነው የምናየው፣ ይሄ ቃል መጀመሪያ የሚያየው ግን እዛው የቀረውን ነው፣ መሄዱ በኋላ የመጣ ነው። የወጣሁ ቀን በር ላይ ቆመሽ «ጥለኸኝ ልትሄድ?» ያልሽኝ ትዝ ይልሻል? አንቺ በሁለት ግስ ያልሽውን እነሱ በአንዷ ይሏታል፣ ያኔ እኔ መሄዱን ብቻ ነበር የሰማሁት።

በይ አሁን ቴክስቱን አስተካክለሽ መልሰሽ ላኪልኝ፣ በኤል አይ።

ልጅሽ