ሰርቨሩ ላይ ዜሮ እንዳይል

ይድረስ ለወንድሜ ለአቤል፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል፣ እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ እያልኩ ልጀምር ነበር። ግን ይህን ያህል ዘመን ጠፍቼ እንዲህ ብጽፍልህ ወረቀቱን ለልጅህ መጫወቻ እንደምትሰጣት አውቃለሁ። አዎ፣ ስለ ልጅህ ሰምቻለሁ፤ ያውም ከሰው አፍ። ለባለቤትህ እንኳን ማርያም ማረችሽ በልልኝ። የእትዬ ጥሩነሽን ጉልበት ስመህ ደህና ነው በላቸው። ስለ መጥፋቴ ይቅርታ፣ ምክንያት ልደርድር ብልም አታምነኝም። በቃ ይህን እንለፈው፤ የምጽፍልህ ለሌላ ጉዳይ ነው፣ ደግሞም ትስቃለህ።

አርፋክተር 2ን፣ ያንን መኪና መንዳትን የሚያስመስል የኮምፒውተር ጨዋታ (ሲሙሌተር)፣ አሁንም እየነዳሁ ነው።

ሳቅህን ጨርሰህ አንብብ። እሑድ ማታ የምንገናኝ ሐበሾች አለን፤ እኔ ከፍራንክፈርት፣ ሁለቱ ከስቶክሆልም፣ አንዱ ከሪያድ፣ አንዱ ከቨርጂኒያ። ቀድሞ ከዚህ እንበዛ ነበር። አሁን ለእኔ ሲመሽ ቨርጂኒያ ያለው ገና ከቅዳሴ አልተመለሰም። ሪያድ ያለው እሑድ የሥራ ቀኑ ስለሆነ ደክሞት ይገባና "ዛሬ ይቅርብኝ" ይላል። ስቶክሆልሞቹ ሦስት ብቻ ከሆንን ምን ዋጋ አለው ብለው ይወጣሉ። እነሱ ሲወጡ ሰርቨሩ ላይ፣ በኢንተርኔት የምንገናኝበት የውድድር ክፍል ውስጥ፣ እኔ ብቻ እቀራለሁ። ከዚያ እንግዳ ሰው የሰርቨሮቹን ዝርዝር ይከፍትና ስማችን ፊት ያለውን የሰው ቁጥር አይቶ ያልፈናል።

ይህ ነገር ለምን እንደሚሆን ሳስብ ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንዳጣሁ ብነግርህ ታፍርብኛለህ። የመኪና ሲሙሌተር የሚወዱ ሰዎች ሁልጊዜ የሚሉት አንድ ነገር አለ፤ ሰው ጣዕም የለውም፣ ሰው ግራፊክስ ያያል እንጂ የጎማው አያያዝ እንደ እውነቱ መሆኑ አይገባውም። እኔም እንዲያ እል ነበር። አሁን ግን ውሸት ይመስለኛል። የሜክሲኮን ሚኒባስ አስበው። ባዶውን ታክሲ ማን ይገባዋል? ገብቶ እስኪሞላ ማን ይጠብቃል? ሁሉም የሚሮጠው ሁለት ሰው ብቻ ወደቀረው ነው። ረዳቱም ይህን ስለሚያውቅ ጓደኞቹን ወንበር ላይ ደርድሮ "ሞላ ሞላ" ይላል።

እና አንድ ነገር ልናዘዝ፣ ለማንም እንዳትናገር። አሮጌ ላፕቶፔን በሌላ ስም ሰርቨሩ ላይ አስገብቼ ጋራዥ ውስጥ አቁሜዋለሁ። ቁጥሩ "2" እንዲል። አንድ ጊዜ አንድ ስፔናዊ ገብቶ ላፕቶፑን "ሰላም፣ እንነዳለን?" ብሎ ጠየቀው። በዚያኛው ስም ልመልስለት ወይስ በራሴ እያልኩ ሳመነታ ሰውየው ወጣ።

አንተ የመጀመሪያውን አርፋክተር ታስታውሳለህ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣውን። ሚሺጋን፣ አን አርበር ያሉት የኢሜጅ ስፔስ ሰዎች ጨዋታውን ክፍት አድርገው ስለሠሩት ማንም መኪና ሠርቶ ይጨምርበት ነበር። ያ ነፃነት ነው እኛን የያዘን። ሁለተኛው በ2013 ሲወጣ ግን ጨዋታውን ገዝተህ፣ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ ኦንላይን ለመንዳት በየዓመቱ እንደገና ክፈል የሚል ነገር አመጡ። ወይም ከመነሻው ወፈር ያለውን የዕድሜ ልክ ዋጋ ክፈል። ክፍያው ራሱ ትልቅ አልነበረም፤ በኋላም ቀረ። ግን አስበው፤ ሰው ለመሰብሰብ ገና ደጅ ላይ ቆመህ በሩ ላይ ገንዘብ ስትቀበል። ያልከፈለው ብቻውን ከኮምፒውተሩ ጋር መንዳት ለመደ። የለመደውን ደግሞ ማን ያስተወዋል? የጨዋታ መሸጫው ስቲም ላይ የወጣውም በ2015 መጨረሻ ነው፤ ያኔ አሴቶ ኮርሳ የሚባለው ሌላ ሲሙሌተር ሙሉ ስሪቱ ከወጣ ዓመት ሊሞላው ነበር፣ ጓደኞቻችንም ወደዚያ ሄደው አልቀዋል።

ክፍያውን ብቻ እንዳልወቅስ የሚያደርገኝ አይሬሲንግ የሚባለው ሲሙሌተር ነው። አይሬሲንግ ከ2008 ጀምሮ በአባልነት ክፍያ ነው የሚሠራው፤ በዚያ ላይ መኪናውንም ለብቻ፣ ትራኩንም ለብቻ ትገዛለህ። አንተ "ይህማ ዘረፋ ነው" ያልከው። ሰው ግን ይከፍላል። ምክንያቱም የሚገዛው መኪናውን አይደለም፤ በተባለው ሰዓት ሲገባ ሰው እንደሚያገኝ ማረጋገጫውን ነው። የውድድሩ ሰዓት እንደ ባቡር ሰዓት ተጽፎ ተቀምጧል። እኛ ጋ የሚከፈለው ባዶ ክፍል ለመግባት ነበር።

ሌላው ሞዱ ነው፣ ሰው ራሱ ሠርቶ የሚጨምረው መኪናና ትራክ። ይህን ስጽፍልህ ያመኛል፣ ምክንያቱም ያኔ ሌሊቱን ሙሉ የምናወርደው እሱን ነበር። ብዙ ሺህ መኪና፣ የማይገኝ ትራክ የለም። ግን አንድ ሰርቨር ላይ ለመግባት ሰርቨሩ ላይ ያለው መኪና በዚያው ስሪት አንተም ጋ መኖር አለበት። አንዱ የ1960ዎቹን መኪና ይዞ ይቀመጣል፣ አንዱ ጂቲ3 የሚባለውን የውድድር መኪና፣ አንዱ የብራዚል ስቶክ ካር። ጥቂቱ ሰው በሃያ ቦታ ተበተነ። ጎበዞቹ ደግሞ ዲስኮርድ የሚባለው መወያያ ላይ ሊግ መሥርተው፣ ሰርቨራቸውን በፓስዎርድ ቆልፈው፣ በየሳምንቱ ሠላሳ መኪና ያሰልፋሉ። ከውጭ ለሚያይ ግን ጨዋታው የሞተ ነው የሚመስለው። ሰው አለ፤ ግን ተደብቆ ነው ያለው።

ፍርሃትም አለ፣ ይህን ማንም አያወራውም። ሰው ከሰው ጋር መንዳት ይፈራል። ከኮምፒውተሩ ጋር ስትነዳ ብትጋጭ "እንደገና" ትላለህ፣ አለቀ። ከሰው ጋር ግን ማታውን ሙሉ ተለማምደህ፣ ሰልፍ ይዘህ፣ አረንጓዴው በርቶ፣ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ፍሬን የሚባል ነገር ኩርባው መሃል ሲደርስ ብቻ ትዝ የሚለው አንድ ወንድም ከኋላ ይመጣና... ስም አልጠራም። አይሬሲንግ ለዚህ ያመጣው ዘዴ ጨካኝ ነው፤ ተጋጫችሁ? ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይጠይቅም፣ ሁለታችሁም ነጥብ ይያዝባችኋል። ጥንቁቅ ያልሆነ ከጀማሪዎቹ ክፍል አይወጣም። መጀመሪያ ስሰማው ግፍ መሰለኝ። በኋላ ገባኝ፤ ትክክል ብትሆንም መጠንቀቅ ይሻልሃል። ጀማሪውም ከጀማሪ ጋር ስለሚሰለፍ አያፍርም። እኛ ሰርቨር ላይ ግን አሥር ዓመት የነዳውና ትናንት መሪ የገዛው አንድ ላይ ይሰለፋሉ፤ የትናንቱ ሁለት ዙር ተደርቦበት ይወጣል፣ ሁለተኛ አይመጣም።

ሰው የጠፋው በጎማው አይደለም የምልህ ለምን መሰለህ? አርፋክተር 2ን በ2016 የተረከበው ስቱዲዮ 397 በየካቲት 2024 ሌማን አልቲሜት የሚባል ጨዋታ አወጣ። የተሠራው አርፋክተር 2 መሠረት ላይ ነው። ግን ውድድሩ በየቀኑ ሰዓት ተቆርጦለታል፣ ለፍጥነትህና ለጨዋነትህ ደረጃ ይሰጥሃል፣ መኪናዎቹም የታወቁ ናቸው። ሰው መጣ! እነዚያው "ይህ ለብዙ ሰው ይከብዳል" የተባለላቸው ጎማዎች ላይ። ሪያድ ያለው ልጃችን ግማሽ ልቡ እዚያ ነው፤ አልፈርድበትም።

በነገራችን ላይ ጥር 2023 ላይ የቨርቹዋል ሌማን 24 ሰዓትን፣ ያንን በኮምፒውተር የሚደረግ ውድድር፣ አይተኸዋል? በአርፋክተር 2 ነበር። ዓለም ሁሉ እያየ፣ የፎርሙላ 1 ሹፌሩ ማክስ ቬርስታፐን እየመራ፣ መኪናው ከሰርቨሩ ተቋረጠ። ተናዶ ውድድሩን ጥሎ ወጣ፤ ዳግመኛም አልሳተፍም አለ። በዚያ ቀን አዲስ ሲሙሌተር ሊገዛ ያሰበ ልጅ የትኛውን እንደማይገዛ አውቆ ተኛ።

"ታዲያ አንተስ ለምን ወደ ሌማን አልቲሜት አትሄድም?" ትለኛለህ። አንደኛ፣ ግትር ነኝ፣ ታውቀኛለህ። ሁለተኛ፣ የአንተ ኮምፒውተር አይችለውም፤ አንተን ደግሞ ስፈልግህ ነው ይህን ሁሉ የምለፈልፈው። ሦስተኛ፣ አስፋልቱ። አርፋክተር 2 ላይ መንገዱ ሕያው ነው፤ መኪኖች በተመላለሱ ቁጥር ጎማ ይቀባል፣ መስመሩ እየጠቆረ እየያዘ ይሄዳል፣ ከመስመሩ ውጭ ደግሞ የጎማ ፍርፋሪ ይጠራቀማል። ከዚህ የሚበልጥ ነገር አላየሁም። ግን ብቻህን ስትነዳ የምታጠቁረው አንድ መስመር ነው፣ የራስህን። ሌላው ሰው የት ፍሬን እንደያዘ፣ የት እንደሳተ የምታነብበት ምንም የለም። የጨዋታው ትልቁ ውበት ሰው ሲኖር ብቻ የሚታይ ሆኖ፣ ሰው የሌለው እሱ ጋ መሆኑ ያናድዳል።

አዲስ አበባ ሆነህ ፒንጉ፣ ማለትም የኢንተርኔቱ መዘግየት፣ እንደሚያስቸግርህ አውቃለሁ። ኢንተርኔቱ በጅቡቲ ዞሮ፣ ባሕር ውስጥ ገብቶ ነው እኔ ጋ የሚደርሰው። በሰዓት 252 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሴኮንድ 70 ሜትር ይጓዛል፤ መልእክትህ እኔ ጋ ለመድረስ አንድ አምስተኛ ሴኮንድ ቢወስድበት 14 ሜትር ርቀሃል ማለት ነው፣ ሦስት መኪና ያህል። ኮምፒውተሬ የት እንዳለህ ገምቶ ነው የሚያሳየኝ። ቀጥታው መንገድ ላይ ግምቱ ይሠራል። ፍሬን ስትይዝ ግን ይሳሳታል፤ በእኔ ስክሪን መታኸኝ፣ በአንተ ስክሪን ከእኔ ሁለት ሜትር ርቀሃል፣ ከዚያ ሁለታችንም እውነታችንን ይዘን እንጣላለን። እኛ የተጣላነውም ግማሹ በዚህ ነው። ግማሹ ብቻ።

ስለዚህ አስቤበታለሁ። ፈጣን መኪና የለም። ስኪፕ ባርበርን እንነዳለን፣ ያቺን ጎማዋ ክፍት የሆነ ቀርፋፋ የውድድር መኪና። ትራኩም የጀርመኑ ኑርቡርግሪንግ አይደለም፤ የእሱ 20.8 ኪሎ ሜትር መስመር ኖርድሽላይፈ ላይ ስድስት ሰው ብታሰልፍ ከሦስተኛው ደቂቃ በኋላ ሁሉም ብቻውን ነው። የአሜሪካኗ ላይም ሮክ ግን 2.4 ኪሎ ሜትር ናት፤ ስድስት ሰው ሲነዳባት ሁልጊዜ ከፊትህ ወይ ከኋላህ ሰው አለ። አንድ መኪና፣ አንድ ትራክ፣ አንድ ሰዓት፣ የሚወርድ ሞድ የለም። ፓስዎርዱንም አንስቼዋለሁ፤ ማንም ይግባ። ስቶክሆልሞቹ "የማናውቀው ሰው ገብቶ ያበላሽብናል" ብለው አኩርፈዋል። ያኩርፉ።

እና አቤል... እንዴት ልበልህ። ቁጥሩ ብቻ አይደለም። ቁጥሩንማ ላፕቶፑ ይሞላልኛል። እዚህ ከሰው ጋር እውላለሁ፣ ሥራ ቦታም ሰው አለ፣ ግን "ይሄ ሰውዬ ዛሬም በሁለተኛ ማርሽ ሊወጣው ነው" ብሎ ከኋላዬ የሚሳደብብኝ የለም። በአማርኛ መሰደብ ናፈቀኝ። ይኸው፣ አልኩት። ይህን መስመር ጮክ ብለህ እንዳታነብ።

መሪው አለ? ስሄድ የተውኩልህ ጂ27። ከሸጥከውም አልቆጣም፣ ብቻ እውነቱን ንገረኝ፤ በቅርብ ወደ አዲስ የሚመጣ ሰው አለ፣ ሌላ እልክልሃለሁ። ካለህ ፔዳሎቹን አራግፋቸው፣ ግራፊክሱን እስከ ታች ዝቅ አድርገው፣ ውድድሩን የሚቀርጸውን ሪፕሌዩን አጥፋው። እሑድ በአንተ ሰዓት ከምሽቱ 3 ላይ ግባ። መብራት ከሄደ ወይም ልጅቷ ከነቃች ግድ የለም፣ ጋራዥ ውስጥ አቁመህ ሂድ፤ ስምህ ሰርቨሩ ላይ ይታይ እንጂ ባትነዳም ለእኔ ትርፍ ነው። ሁለት ሰው ያየ ሦስተኛው ይገባል፣ ሦስት ካለ ስቶክሆልሞቹ ኩርፊያቸውን ይረሳሉ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ለእኔ ተወው።

ለባለቤትህ ግን ከአሁኑ ንገራት፤ ኦንላይን ውድድር መሃል ላይ "አቁመውና ና" የሚባል ነገር የለም። እኔ ለእናቴ እስካሁን አላስረዳሁም፣ ስትደውል ነው ሁሌም ግድግዳ የምመታው።

ያው እኔው