አመድ የሚስማማው ለእናቴ አፈር ነው

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ማዳበሪያ በጻፋችሁ ቁጥር የማነበው ስለ ጤፍ፣ ስለ ስንዴና ስለ በቆሎ ነው። እኔ በባቱ ከተማ ዳርቻ በሶብላ፣ ኮሰረትና የጥብስ ቅጠል በጓሮዬ አብቅዬ፣ አድርቄ በመሸጥ ልጆቼን የማስተምር እናት ነኝ።

ያደግሁት በጉራጌ ደጋ ነው። እናቴ የምድጃዋን አመድ ጥላው አታውቅም፤ ከፍግ ጋር በእንሰቱና በጓሮው ተክል ሥር ትበትነዋለች። ባቱ መጥቼ እኔም እንደ እርሷ አደረግሁ። በሁለተኛው ዓመት የበሶብላዬ ለጋ ቅጠል ጅማቶቹ አረንጓዴ እንደሆኑ መሐል መሐሉ ቢጫ ሆነ። የግብርና ግብዓት የሚሸጥ ሰው «ዩሪያ ጨምሪ» አለኝ፤ ጨመርሁ። ቅጠሉ ሰፋ፣ ቢጫነቱ ግን አልለቀቀውም፤ መዓዛውም ሳሳ። የዘወትር ደንበኛዬ አንዱን ዘለላ በመዳፏ አሽታ አሸተተችና ሳትገዛኝ ሄደች። ያን ቀን አልረሳውም።

አንድ ወጣት ባለሙያ አፈሬን ሲያስመረምርልኝ የአሲዳማነት መለኪያው ፒኤች (7 መካከለኛ ነው) ከ8 በላይ ሆኖ ተገኘ። የእናቴ አፈር አሲዳማ ስለሆነ አመድ ያክመዋል፤ የእኔው ግን የአሲዳማ ተቃራኒ፣ አልካላይን ነው። ቅጠል አረንጓዴ እንዲሆን የሚያስፈልገውን ብረት አፈሬ አላጣም፤ ብረቱን አስሮ ይዞ ተክሉን ከለከለው እንጂ። እኔ ደግሞ በየሳምንቱ አመድ እየበተንሁ እስሩን አጠበቅሁት!

አመዱን ተውሁ። የፍየል ፍግ፣ ገለባና የአትክልት ልጣጭ አብላልቼ መደቡን አለበስሁት። በውኃ የሚሟሟ የብረት ሰልፌት ዱቄት በአንድ ሊትር ውኃ 5 ግራም በጥብጬ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ማለዳ ቅጠሉ ላይ ረጨሁ፤ አፈር ላይ ቢጨመር ያው ይታሰራልና። የተጎዳው ቅጠል ብዙም አላገገመም፤ አዲሱ ግን አረንጓዴ ሆኖ ወጣ፣ ሽታውም ከአጥር ውጭ ይሰማል።

ዱቄቱን የሚሸጡልን ግን በሙሉ ከረጢት ብቻ ነው። ለአራት ሴቶች ተካፍለን ገዛን። ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለበት ማዳበሪያ ኤንፒኤስ፣ እንዲሁም ተክል በጥቂቱ የሚፈልገው ቦሮን የታከለበት ኤንፒኤስቢ የመጡት የአገራችን አፈር ተጠንቶ ነው፤ ይህ መልካም ሥራ ነው። ብረት ግን የለባቸውም፤ የታሰቡትም ለሰፊ ማሳ ነው። የግብርና ባለሙያዎች የጓሮ መደባችንንም አፈር ይለኩልን፤ ነጋዴዎችም በግማሽ ኪሎ ይሽጡልን፣ መጠኑንም በአማርኛና በኦሮምኛ ይጻፉበት።

ይህን የምለው ቦሮን በግምት የሚረጩ ጎረቤቶች ስላሉኝ ነው። ቦሮን ከልኩ ጥቂት ካለፈ የቅጠሉን ጫፍ ያቃጥላል፤ እነርሱም የተቃጠለውን ይዘው ወደ ሱቁ ሲሄዱ የሚነገራቸው «ጨምሩ» ነው።

አንዲት የጓሮ አምራች፣ ከባቱ