ይድረስ ለጌታነህ፦ ስለ ባለሸራው ጋሪ

ወንድሜ ጌታነህ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ? ዝም ከተባባልን ሁለት ክረምት አለፈ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይህ ደብዳቤ ካሳ ይሁንልኝ። ሱሉልታ ከገባህ ወዲህ በሸራ የሚሄደውን ባለሦስት ጎማ ጋሪ ልትሠራ ማሰብህን ሰማሁ። በያጁ ጋ ሳትሄድ ይቺን አንብብ።

ፈረንጆቹ የሚሰጡት ልኬት ለባሕር ዳርቻ ነው። እዚያ ባሕሩ ሲሸሽ እርጥቡ አሸዋ ጥጥር ብሎ ይቀራል፣ አየሩም ወፍራም ነው። አንተ ያለኸው ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ሩብ ያህል ይሳሳል፤ እዚያ 4 ካሬ ሜትር ሸራ የሚበቃበት ነፋስ አንተን 5 ተኩል ገደማ ይጠይቅሃል። ታዲያ ሸራውን ወደ ጎን አስፋው እንጂ ወደ ላይ አታስረዝመው፤ ከፍ ባለ ቁጥር ለመገልበጥ ይቀርባል።

ጎማውን ምናለሽ ተራ ፈልግ፤ የግንባታ የእጅ ጋሪ ጎማ ይሆናል። ጣጣው መሃሉ ላይ ነው። ሲሚንቶ በእርምጃ ለመግፋት የተሠራ ስለሆነ ውስጡ ያለው ፕላስቲክ በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይግላል፣ ይላላል፣ ከዚያ ጎማው ይወላገዳል። አውጣውና በሁለቱም ጎን በጎማ የተከደነ 6204 ኩሽኔታ ግዛ፤ አቧራ እንዳይገባው ነው። ውጭው 47 ሚሊ ስለሆነ የሚያቅፈውን ቱቦ ቶርኖ ቤት አሠራ። ውስጡ 20 ሚሊ ነው፤ አክስሉም 20 ሚሊ ድፍን ብረት ይሁን። ቸርኬው ከሁለት ላሜራ ተጋጥሞ በነጥብ ብቻ ከተበየደ ዙሪያውን ሙሉ አስበይደው (ጎማውን አውልቀህ!)፤ ጋሪው ሲታጠፍ ከጎን የሚመጣው ግፊት ያጥፈዋል።

ለአካሉ ቱቦላሬ ይበቃል። ከፊት ጎማ እስከ ኋላው አክስል 1.80 ሜትር፣ በኋላ ጎማዎቹ መካከል 1.60 ሜትር ስጠው። ወንበሩ ከመሬት አንድ ስንዝር ይራቅ፤ መሪው በእግር ይሁን፣ እጅህ ሸራውን ለሚስበው ገመድ ያስፈልጋል።

ለምሰሶው የውሃ ቧንቧ እንዳታስገባ። ቧንቧ አይተጣጠፍም፤ ነፋስ በድንገት ሲመታው ጉልበቱን ሁሉ ወደ ጎማው ያወርደውና ይገለብጥሃል። ጫፉ ቀጠን ያለ፣ ጥላ ውስጥ የደረቀ፣ ጉጥ የሌለው የባሕር ዛፍ ሎጋ ጎንበስ ብሎ ነፋሱን ያሳልፋል።

ፍሬን የለህም፤ ፍሬንህ ገመዱ ነው። ስትለቀው ሸራው ይርገበገባል፣ የጋሪውን አፍንጫ ወደ ነፋሱ ስታዞር ይቆማል። ስለዚህ ገመዱን የትም እንዳትቋጥረው። አንዱ የኋላ ጎማ ሲነሳ ወዲያው ልቀቅ። ነፋስ ከኋላ ሆኖ ስትታጠፍ የሸራውን ግርጌ የያዘው አግዳሚ እንጨት ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው በኃይል ይወረወራልና ጎንበስ በል፤ ቆብህም የሞተር ሳይክል ሄልሜት ይሁን።

ጋሪውን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈጥነው ነፋስ ከጎን የሚመጣው ነው። ሰው አያምንም እንጂ ጋሪው ከነፋሱ ይፈጥናል፦ በፈረንጆች 2022 አውስትራሊያ ጌርድነር በሚባለው ደረቅ የጨው ሐይቅ ላይ ግሌን አሽቢ 222.43 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲነዳ ነፋሱ 40 ገደማ ነበር። ለአንተ በሰዓት 17 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ይበቃል።

ቦታውን በተመለከተ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ አትግባ። ደግሞም አስፋልት ላይ ጎማው ስለማይንሸራተት ከአሸዋ ይልቅ ቶሎ ትገለበጣለህ። የሱሉልታ ሜዳ የሚሆንህ ድርቆሹ ከታጨደ በኋላ፣ ታኅሣሥና ጥር ነው፤ ባለቤቶቹን አስቀድመህ ጠይቅ፣ እረኞቹንም ከብቶቹን እንዲያርቁልህ ለምናቸው። ኮትቻው (ጥቁሩ አፈር) በዝናብ ጎማ ይውጣል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጠቃል። ስንጥቁን አቋርጠህ ማለፍ ይቻላል፤ ርዝመቱን ይዘህ ከሄድክ ግን የፊቱን ጎማ ይይዘዋል። ሄደህ በጣትህ ለካውና ጻፍልኝ፤ ከሦስት ጣት ከሰፋ ሌላ ሜዳ እንፈልጋለን።

ወንድምህ