ማሕሌቱን ዙሪያውን ቅረጹት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው እትማችሁ የጥንት የቤተ ክርስቲያን ዜማዎች በዲጂታል እየተቀዱ ነው ብላችሁ ጽፋችኋል። ደስ ብሎኛል። ግን ፎቶው ላይ ፊት ለፊት የቆሙትን ሁለት ማይኮች ሳይ ዝም ማለት አቃተኝ።

እኔ ለሠርግና ለስብሰባ ሳውንድ ሲስተም የማከራይ ሰው ነኝ። ካቻምና ክረምት ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ በተከራየሁት ክፍል ውስጥ ሰው መሐሉ ተቀምጦ ድምፅ ከዙሪያው የሚሰማበት የስፒከር ኳስ ሠራሁ። 12 ስፒከር፣ 30 ቱቦላሬ። እያንዳንዱ ብረት 1 ሜትር ከ58 ሳንቲም ነው። ሲገጣጠም 20 ባለ ሦስት ማዕዘን ፊት ያለው ኳስ ይወጣዋል። ስፒከሮቹ ማዕዘኖቹ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሁሉም ከመሐሉ እኩል 1 ሜትር ተኩል ይርቃሉ። በያጁ ስዕሉን አገላብጦ አየና «የዶሮ ቤት ከሆነ ሽቦውንም እኔው ልግጠምልህ» አለኝ። በበሩ ስለማያልፍ ብረቶቹን ክፍሉ ውስጥ በቡሎን ነው ያሰርናቸው።

በአንዱ ፊቱ ሲቀመጥ ቁመቱ 2 ሜትር ከ38 ነው፤ ኮርኒስ አይነካም። መሐሉ ከወለሉ 1 ሜትር ከ19 ላይ ይውላል። የፕላስቲክ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ጆሮም እዚያው አካባቢ ነው። አስቤበት ነው ብል ውሸት ይሆናል።

የመጀመሪያው ቀን አበሳጨኝ። ድምፁ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፣ ቤዙም ሳስቷል። ስፒከሮቹን አንድ በአንድ ፈትቼ በባትሪ ድንጋይ ነካካኋቸው። ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ ሲገናኝ የስፒከሩ ወረቀት ወደ ውጭ ብቅ ማለት አለበት። ሰባተኛውና አሥረኛው ግን ወደ ውስጥ ገቡ። ገመዳቸውን ገልብጬ አስሬያለሁ ማለት ነው። ግማሽ ቀን የበላኝ ይኼው ነው።

ከዚያ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲዘንብ የቀዳሁትን ከፈትኩና አከራዬን ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳቸው። አንጋጠው አዩ። «በርበሬው ውጭ ነው!» ብለው ሲነሡ ቱቦላሬው ግንባራቸውን ለጥቂት ሳታቸው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970 ኦሳካ በተካሄደው የዓለም ኤክስፖ፣ ጀርመኖች በአቀናባሪው ሽቶክሃውዘን ሐሳብ ክብ የሙዚቃ አዳራሽ ሠርተው ነበር። አድማጩ ድምፅ የሚያሳልፍ ወለል ላይ ይቀመጣል፤ ስፒከር ከላይም ከጎንም ከእግሩ ሥርም አለ። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ኦክስፎርድ የተማረው የሒሳብ ሰው ማይክል ጌርዞን ከሌሎች ጋር አምቢሶኒክስ የሚባለውን ዘዴ አዳበረ። አራት ትንንሽ ማይኮች አንድ ጭንቅላት ላይ ወደ አራት አቅጣጫ ይጠመዳሉ። የቀዱት አራት ቻናል የዙሪያውን ድምፅ ከነአቅጣጫው ይይዛል። ለየትኛው ስፒከር ምን ያህል እንደሚደርሰው ኮምፒውተሩ በኋላ ያሰላል። ስለዚህ ቀራጩ ስለ ስፒከር ብዛት ዛሬ መጨነቅ የለበትም። ዝናቡን የቀዳሁትም እንዲህ ባለ ማይክ ነው።

ወደ ፎቶው ልመለስ። በክብ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማሕሌት ውስጥ ቆሞ ያነጋ ሰው ያውቀዋል። ግራ ጌታ ከወዲያ፣ ቀኝ ጌታ ከወዲህ። ከበሮው ከኋላ ይመጣል፣ ጸናጽሉ ጆሮ ሥር ይንሿሿል። ወረቡ ሲሞቅ ድምፁ ግድግዳውን ዞሮ ከጀርባ ይደርሳል። ሁለቱ ማይኮች ይኼን ሁሉ ፊት ለፊት አምጥተው ይደረድሩታል። መስማቱስ ይሰማል፤ መሐሉ መቆም ግን የለም። ስፒከሩን የዛሬ አሥር ዓመትም ቢሆን መግዛት ይቻላል። እነዚያን አባቶች ግን የዛሬ አሥር ዓመት እናገኛቸዋለን ወይ?

ሁለቱ ማይኮች ይቅሩ አላልኩም። አጠገባቸው አንድ ባለ አራት ይቁም ነው የምለው። የእኔን በነፃ አውሳለሁ። ባትሪ ብቻ ይዘው ይምጡ፣ ቶሎ ይጨርሳል።

አንባቢያችሁ፣ ከኮልፌ