ደመና ሲመጣ የትኛው ይዞር?

ለዝግጅት ክፍሉ፦

በስፖርት ገጻችሁ ስለ ዒላማ ተኩስ የወጣውን ጽሑፍ በደስታ አነበብኩት፤ ስለዚህ ስፖርት በአማርኛ የተጻፈ ነገር እምብዛም አላገኝምና። አንዱን ምክር ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ጸሐፊው ደመና ሲመጣ የኋላውን ማነጣጠሪያ ዝቅ፣ ፀሐይ ስትመለስ ከፍ አድርጉ ይላሉ። ጀማሪ ይህን ከተከተለ ቀኑን ሙሉ ማነጣጠሪያውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ቁልፍ ሲያዞር ይውላል።

ምክሩ የመጣበትን አውቃለሁ። አባቴ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበሩ፤ በኤም ዋን ጋራንድ ጠመንጃ ሲሠለጥኑም የተነገራቸው ይኸው ነበር። የጋራንድ የኋላ ማነጣጠሪያ ቀዳዳ ነው፤ የፊቱ ግን ቀጥ ብሎ የቆመ ብረት ነው። ፀሐይ ስታርፍበት ጫፉ ያብለጨልጭና ዓይንን ያታልላል። ስለዚህ አባቴ ከተኩስ በፊት ጫፉን በኩራዝ ጭስ ያጠቁሩት ነበር፤ ጥላሸቱ እንዳይረግፍም እስኪተኩሱ ድረስ ጣታቸውን አያስጠጉም። ለእርሳቸው ጠመንጃ ምክሩ ይሠራል። የዛሬው የውድድር ጠመንጃ ግን የኋላው ቀዳዳ፣ የፊቱም ቀለበት ነው። ተኳሹ የሚያየው የዒላማውን ጥቁር ክብ በቀለበቱ መሐል፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ ቀጭን ነጭ ክፍተት ነው።

የምተኩሰው ጀርመን አገር፣ ባቫሪያ ውስጥ፣ በ50 ሜትር ነው። እኛ ጣሪያ ሥር ተኝተን እንተኩሳለን፤ ዒላማው ያለው ሜዳ ላይ ነው። አሥር ነጥብ የምታሰጠው ክብ ስፋቷ 10.4 ሚሊሜትር ነው፤ አንዲት ሽምብራ ታክላለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት በክለባችን ውድድር ላይ ሳለሁ ደመና ሸፈነን፤ ሁለት ጥይት ከፍ ብሎ ዘጠኝ ላይ አረፈ። ደንግጬ የከፍታውን ቁልፍ ወደ ታች ሁለት ጊዜ ቀጭ አደረግኩት። ፀሐይዋ ወዲያው ተመለሰች፤ ተከታዮቹ ሦስት ጥይቶች ታች ስምንት ውስጥ ገቡ። በኋላ አንድ ሽማግሌ አሠልጣኝ ጠመንጃዬን አገላብጠው አዩና «ብርሃን ያጣው ዓይንህ ነው፤ ጠመንጃው ምን አደረገህ?» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብርሃን ሲቀንስ ያ ነጭ ክፍተት ይደበዝዛል፤ ጥቁሩ ከቀለበቱ ጋር የተጣበቀ ይመስላል፣ ዓይንም መሐሉን መለየት ያቅተዋል። መድኃኒቱ ያለው የኋላው ማነጣጠሪያ ላይ፣ እንደ ዓይን ብሌን የሚጠብና የሚሰፋው ቀዳዳ ዘንድ ነው። እኔ በጠራራ ፀሐይ 1.1 ሚሊሜትር ላይ አደርገዋለሁ፤ ሲጨልም ነጩ ክፍተት ጥርት ብሎ እስኪመለስ ቀስ እያልኩ እከፍተዋለሁ፣ ብዙ ጊዜ ከ1.4 አያልፍም። የቀለበቱ ጠርዝ መደብዘዝ ከጀመረ ከልክ በላይ ተከፍቷልና መለስ ይደረግ። ይህም ካልበቃ ከፊት ያለውን ቀለበት በአንድ ደረጃ ሰፋ ባለው መለወጥ ነው፤ የእኔ ከ3.6 ወደ 3.8 ሚሊሜትር ይሄዳል።

ጽሑፉ ግራ ዓይን ይጨፈን ማለቱም ልክ አይደለም። አንዱ ዓይን ሲጨልምበት የሌላውም ብሌን አብሮ ይሰፋል፤ የጨፈነውም ፊት ቶሎ ይደክማል። ከግራ ዓይን ፊት ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ መከለያ ማድረግ ይሻላል፤ በውድድር እስከ 30 ሚሊሜትር ስፋት ይፈቀዳል።

የከፍታውን ቁልፍ ፈጽሞ አትንኩ ማለቴ አይደለም። ልምምድ ላይ ቀዳዳው ከተስተካከለ በኋላ አምስት ጥይት ይተኮስ። አምስቱም ተሰብስበው አንድ ቦታ፣ ግን ከመሐል ውጪ ካረፉ፣ ያኔ ቁልፉ ይዙር። ተበታትነው ካረፉ ግን እጅ ወደ ቁልፉ አይሂድ። ይህ እርማት በዚያው ገጽ ላይ እንዲወጣ በትሕትና እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከባቫሪያ