ለወላጆች፦ የዘንድሮው የስኪ ጉዞ ለምን ስኖኳልሚ እንደሆነ

የተከበራችሁ ወላጆች፣

የመንፈቀ ዓመቱ የውጤት ካርድ አርብ ይሰጣል፤ ከቤተ መጻሕፍት የወጡ መጻሕፍት ከዚያ በፊት ይመለሱ።

ወደ ስኪው፣ ማለትም በበረዶ ላይ ወደሚደረገው የመንሸራተት ጉዞ እንለፍ። ስኖኳልሚ፣ ክሪስታል፣ ማውንት ቤከርና ስቲቨንስ ፓስ ሁሉም በዋሽንግተን ግዛት፣ በካስኬድ ተራሮች ላይ ያሉ የስኪ ቦታዎች ናቸው፤ ዘንድሮ የመረጥነው ስኖኳልሚን ነው። የፈቃድ ቅጹ ገና ሳይበተን "ለምን ክሪስታል አይሆንም? ለምን ማውንት ቤከር አይሆንም?" የሚለው ጥያቄ እንደሚመጣ ስለምናውቅ፣ መልሱን አስቀድመን መጻፉ ይሻላል ብለናል።

"ስኖኳልሚ ዝናብ ይበዛዋል" ትሉ ይሆናል። አንክድም። ስኖኳልሚ ያለበት የተራራ መተላለፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ጫማ ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ስቲቨንስ ፓስ ከ4,000 ጫማ ጥቂት ያልፋል፤ የክሪስታል ግርጌ ደግሞ 4,400 ጫማ ገደማ ላይ ነው። ካስኬድ ተራሮች ላይ የክረምቱ ሙቀት ብዙ ጊዜ የሚዋልለው 32 ዲግሪ ፋራናይት (ውሃ በረዶ የሚሆንበት) ዙሪያ ነውና፣ በከፍታው ልዩነት የሚመጣው የአራት አምስት ዲግሪ ቅዝቃዜ ክሪስታልን በረዶ፣ ስኖኳልሚን ዝናብ ሊያደርግ ይችላል። ግን ከምሥራቅ ዋሽንግተን የሚሾልከው ቀዝቃዛ አየር መተላለፊያውን ሲሞላው፣ ዝቅ ያለው ስኖኳልሚም በረዶውን ይዞ ይቆያል። ያው አየር አንዳንዴ ዝናቡን መሬት እንደነካ ያረጋዋል፤ ያን ቀን መንገዱ ስለሚያንሸራትት አውቶቡሱ አይንቀሳቀስም። ስናዘገይ "ለምን?" አትበሉን።

ማውንት ቤከር እ.ኤ.አ. በ1998–99 የክረምት ወቅት 1,140 ኢንች፣ ማለትም 29 ሜትር ገደማ በረዶ ወርዶበት የዓለም ክብረ ወሰን ይዟል። ድንቅ ነው። ነገር ግን ስኪው ላይ መቆም ላልቻለ ልጅ 29 ሜትር በረዶ ምን ይረባዋል? ጀማሪ የሚማረው በማሽን በተደለደለ፣ በጠነከረ በረዶ ላይ ነው፤ ጥልቁ ውስጥ ስኪው ይሰምጣል፣ ወድቆ መነሣትም ጉልበት ይጨርሳል። ከዛፍ ሥር የሚፈጠረው ጉድጓድ ደግሞ በጭንቅላቱ የገባበትን ሰው ያፍነዋል። ለዚህ ሁሉ ከሲያትል ደርሶ መልስ አምስት ሰዓት የሚያልፍ መንገድ አለ። ስኖኳልሚ በመደበኛ ቀን መሄጃው ብቻ አንድ ሰዓት ገደማ ነው።

ክሪስታል በስፋቱ የዋሽንግተን ትልቁ ነው፣ ገደላማ ቁልቁለቱም ለጎበዝ ስኪተኛ ገነት ነው። ስኖኳልሚ ውስጥም "ቁልቁል አጣን" የሚል ካለ አልፔንታል የሚባለው ገደላማ ክፍል አለ፤ ወደዚያ ግን ተማሪ አንወስድም። ስቲቨንስ ችሎታው መሃል ለደረሰ ልጅ ጥሩ ነው። የእኛ ልጆች አብዛኞቹ ግን አረንጓዴ ክብ ምልክት ባለው፣ ማለትም በቀላሉ የጀማሪ መስመር ላይ ናቸው፤ መካከለኛውን፣ ሰማያዊ ካሬውን፣ ገና አልጀመሩም።

ስለ ፓርኩ፣ ማለትም ዝላይና ሣጥን ስለተሠራበት የስኪ ሜዳ ክፍል ደግሞ። "ልጄ ሦስት ዓመት ተንሸራቷል፣ ዝላዩን ለምን ትከለክላላችሁ?" እንደምትሉ እናውቃለን። ዝላዩ መነሻ፣ ጠፍጣፋ መሃልና ማረፊያ ቁልቁል አለው። ፍጥነት ያነሰው ልጅ ጠፍጣፋው ላይ ያርፋል፤ ጉልበትና የእጅ አንጓ የሚጎዳው እዚያ ነው። ፍጥነት የበዛበት ደግሞ ማረፊያውን ያልፈዋል። ስለዚህ በላዩ የሚንሸራተቱበትን ትንሹን ሣጥን ብቻ፣ ከአስተማሪ ጋር፣ መጀመሪያ ሳይዘሉ አንድ ዙር አይተው ይሞክሩታል። ሄልሜት የሌለው ወደ ፓርኩ አይጠጋም። በዚህ አንደራደርም።

የመጨረሻው፣ እባካችሁ፣ ቅጹ ላይ የልጁን ትክክለኛ ክብደት ጻፉ። ጫማውን ከስኪው ጋር የሚያያዘው ባይንዲንግ የሚስተካከለው በክብደት፣ በቁመት፣ በዕድሜ፣ በችሎታና በጫማው ሶል ርዝመት ነው። ክብደቱ ተጨምሮ ከተጻፈ ልጁ ሲወድቅ አይለቅም፣ እግር ይሰበራል፤ ከተቀነሰ ደግሞ እየሄደ ይወልቃል። ያምናው ቁጥር ዘንድሮ አይሠራም፣ ልጆች ያድጋሉና። ካልሲ አንድ ቀጭን ይበቃል፤ ሁለት ሲደረብ ይጨማደድና ደም ዝውውሩን ይይዛል፣ እግሩም ይበልጥ ይበርደዋል። ጂንስ ሱሪ አይፈቀድም፤ መጀመሪያ ሲወድቅ ይርሳል፣ እኩለ ቀን ላይ ይረጋል። ሁለት ጥንድ ጓንት ስጧቸው፣ አንዱ ከምሳ በፊት ውሃ ይሆናል።

ቅጹ እስከ ሐሙስ ይድረሰን። ክብደት የሌለውን እንመልሳለን።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር